ስሜ የታተመባቸው ስድስት ከረጢቶች

የእጄ መንቀጥቀጥ ሳይብስ ይህችን አንድ ቀን ልጻፋት ብዬ ተቀምጫለሁ። ትምህርቴ ትንሽ ነው። ልጅ ሆኜ ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ሳልጀምር አባቴ ሞተና አቋረጥሁ። የቀረችውን ንባብ ያገኘሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እሱም ከዚህ ነገር በኋላ። አጻጻፌ ቢንቀራፈፍ ታገሱኝ። ነገሩ የሆነው በአንድ ረቡዕ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ እኩለ ቀን ባለው ጊዜ ነው። ፍርሃቱ ግን ከዚያ በኋላም አብሮኝ ኖረ።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ምን ይታይ እንደነበር በዕድሜ የደረሳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያልደረሳችሁም ሰምታችኋል። እኔ ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ከባለቤቴ ከዘነበች ጋር ዶሮ ማነቂያ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ሥራዬ የወረቀት ከረጢት መሥራት ነበር። ዛሬ ፌስታል ሁሉን ስለዋጠው "እንዲህ ያለ ሥራም ነበር?" የሚል አይጠፋም። ነበር። በርበሬው፣ ስኳሩ፣ ቡናው፣ ምስማሩ ሳይቀር በወረቀት ከረጢት ይሸጥ ነበር። አሮጌ ደብተርና የቢሮ ወረቀት በኪሎ እገዛለሁ፤ ዘነበች ከፉርኖ ዱቄት ሙጫ ታፈላለች፤ እኔ አጥፋለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ። ሃያ ሃያውን በሲባጎ አስሬ ፒያሳና ጊዮርጊስ አካባቢ ላሉ ሱቆች አዞራለሁ።

ስለ አሠራሬ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ጣጣው የመጣው ከሱ ነውና። ጽሑፍ ያለበትን ገጽ ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ነበር የማጥፈው። ንጹሑ ገጽ ወደ ውጭ ሲሆን ከረጢቱ አዲስ ይመስላል፤ ሰውም ደስ ይለዋል። ስለዚህ በአንድ ፊቱ ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ካገኘሁ ለኔ ትልቅ ዕድል ነበር። የተጻፈውን ግን አላነበውም። ማን ያነበዋል? የሒሳብ ደብተር፣ የደረሰኝ ግልባጭ፣ ማመልከቻ ነው። ፊደሉን ለይቼ ብቆጥርም አንድ መስመር ለመጨረስ ያልበኛል።

በዚያው ሰሞን ከላይ የወረደ ነው የተባለ መመሪያ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነበበልን። ወረቀትና ጆንያ በውጭ ምንዛሪ ስለሚገባ ብክነቱ ይቁም ይላል። ሸማች ከቤቱ ዕቃ ይዞ ይምጣ፤ ከረጢት የሚሰጠው ዕቃ ላልያዘ ብቻ ነው፤ ከረጢቱም ከአሮጌ ወረቀት እንጂ ከአዲስ አይሠራ። እስከዚህ ድረስ ለኔ ሠርግ ነበር። ቀጥሎ ግን የመሪው ፎቶግራፍ፣ ሰንደቅ ዓላማና የአብዮቱ መፈክር ያለበት ወረቀት ዕቃ እንዳይጠቀለልበት አለ።

"ታዲያ ምን ወረቀት ቀረ?" አለ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው በለሆሳስ። አጠገቡ ያለው በክርኑ ሲጎስመው ሰማሁ።

የመመሪያው መጨረሻ ይህ ነበር፦ ከረጢት የሚሠራ ሁሉ ስሙንና የቤት ቁጥሩን ከከረጢቱ ሥር ያትም፣ ጥፋት ሲገኝ ተጠያቂው እንዲታወቅ።

ማኅተም ቀራጭ ዘንድ ሄጄ አስቀረጽሁ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ስሜ ታትሞ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ወይን ጠጅ ቀለም እየነከርሁ በከረጢቱ ሁሉ ሥር "ተክሌ" ስል ሰነበትሁ።

ከኛ ቤት ሦስት ቤት አልፎ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ግርማ የሚባል ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ ልጅ አላቸው። ያ ልጅ ቤቱ ከመጣ አራት ወር አልፎታል። የት ሄደ ብለን አንጠይቃቸውም፤ መጠየቁ ራሱ ነገር ነበር። አንድ ቅዳሜ በራቸው ላይ ቆመው ጠሩኝ።

"ተክሌ፣ ና እስቲ። የግርማን ወረቀት ውሰድልኝ። አይጥ ተራባበት።"

"ሲመጣ ቢቆጣዎትስ እትዬ?"

"ይምጣና ይቆጣኝ" አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "ሁለት ጆንያ ነው። ዛሬ አንዱን ውሰድ፤ ሌላው አልጋ ሥር ነው፣ ሌላ ቀን ትወስደዋለህ።"

እሳቸው ፊደል አያውቁም። ጆንያውን ቤቴ አድርሼ ስዘረግፈው አብዛኛው ደብተር ነው። ከሥሩ ግን ነጭ፣ ወፍራም፣ በአንድ ፊቱ ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ወጣ፤ ከአርባ ይበልጣል። ሠርጌ ነው አልሁ። በመመሪያው መሠረት እያገላበጥሁ ፈተሽሁ። የመሪው ፎቶ የለም። ሰንደቅ ዓላማ የለም። የኔ ፍተሻ በዚህ አበቃ።

እንዲያውም ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ቀበሌ ፎቶ ይፈልጋል ብዬ እፈራ ስለነበር፣ ምንም ፎቶ የሌለበትን ይህንን ነጭ ወረቀት ለቀበሌው ሱቅ ለየሁት። አርባ ከረጢት ሠራሁ። ሃያውን ለቀበሌ ሱቅ፣ ሃያውን ጊዮርጊስ አጠገብ ቅመም ለሚሸጠው ለሸምሱ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አደረስሁ። አምስት ሉህ ተረፈ።

ረቡዕ ጠዋት ሻይ እየጠጣሁ ነው። ዘነበች የማታ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ገብታ ነበር፤ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች፤ የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለውን እንኳ አትምርም። ከተረፉት ሉሆች አንዱን አነሣችና ከታች ጀመረች።

"አ... ን... ብ... በህ። አንብበህ። ለሌ... ላው። ለሌላው አስ... ተ... ላልፍ። አንብበህ ለሌላው አስተላልፍ!" ሳቀች። "አየኸኝ? እንዲህ ያለ ረጅም ቃል!"

"ጎበዝ" አልኋት። "የምን ማመልከቻ ነው?"

ወደ ላይኛው መስመር ሄደች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ድምፅዋ ግን አይሰማም። ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ተነሥታ በሩን ቀረቀረችው።

የተጻፈውን ቃል እዚህ አልደግመውም። ደርግን የሚቃወም በራሪ ወረቀት ነበር። በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ አንድ ሉህ ኪሱ የተገኘበት ሰው ወደ ቤቱ አይመለስም።

"ስንት ሠራህ?" አለችኝ።

"አርባ።"

"የት ናቸው?"

"ሃያው ሸምሱ ጋ ነው። ሃያው..."

አልጨረስሁትም። እሷ ጨረሰችው። "ቀበሌ?"

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

"ስምህ አለበት።"

"አለበት።"

"የቤት ቁጥራችንም።"

ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው። እኔን ይዘው "ወረቀቱን ከየት አገኘኸው?" ቢሉኝ መልሱ እትዬ አስካለ ናቸው። እሳቸውን ይዘው "ልጅሽ የት ነው?" ይላሉ። ወፌ ላላ ላይ ሰቅለው ሲገርፉኝ ዝም የምል ሰው ነኝ ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም። እኔ ዶሮ ሲታረድ ፊቴን የማዞር ሰው ነኝ።

ዘነበች ነጠላዋን አነሣች። "እኔ እትዬ አስካለ ጋ ሄጄ የቀረውን ጆንያ አመጣለሁ። ወረቀቱ ጥሩ ነው፣ ጨምሩልን ነው የምላቸው፤ ሌላ አልተነፍስም። አንተ ከረጢቶቹን አምጣ።" ለመሮጥ ስነሣ ኮቴን ያዘችኝ። "አትሩጥ። የሚሮጥ ሰው ይያዛል።"

አልሮጥሁም። ከዶሮ ማነቂያ እስከ ጊዮርጊስ ያለው መንገድ ያን ቀን አላልቅ አለኝ። ምኒልክ አደባባይ አጠገብ የቆመ አንድ ወታደር ሰዓት ጠየቀኝ። ባዶ ክንዴን አሳየሁት።

ሸምሱ ገና ሱቁን መክፈቱ ነው። አራዳ ነው፤ አፉ ሥራ አይፈታም።

"ተክሌ! ምነው ፊትህ? የታጠበ መወልወያ መሰለ እኮ!"

"የትናንቱን እስር መልስልኝ ሸምሱ።"

"ምን ሆኖ? ነጭ በነጭ አይደል እንዴ? እኔ እንኳ ለታላላቅ ሰው ብዬ አስቀምጨዋለሁ።"

ምን እንደምል አላሰብሁበትም ነበር። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርሁ። "ሙጫው ተበላሽቷል። ዱቄቱ ላይ የአይጥ መርዝ ተደፍቶበት ኖሯል።"

"ወላሂ?" ሸምሱ እጁን ከባንኮኒው ላይ አነሣ። "ሰውየው ደንበኛ ሊጨርስብኝ ነበር! በል ውሰድ፣ ውሰድልኝ። ቆይ፣ ለአማቴ የሚሆን አንድ ብትተውልኝስ?"

ሳቅሁ፤ ሳቁ ከማን አፍ እንደወጣ አላውቅም። ሃያው አልተነካም። ኮቴ ውስጥ ደብቄ ዘወር ስል ግን እሬት ልትገዛ የቆመች ሴት ዓይኗን አፍጣ አየችኝ።

"የቀበሌው ሱቅ ከረጢትም ያንተ አይደለም እንዴ? ዛሬ እኮ ስኳር ይሸጣል!" አለችና መልሴን ሳትጠብቅ ነጠላዋን እየጎተተች ሄደች።

ያኔ ተከትያት መሄድ ነበረብኝ። ነገር ግን ኮቴ ሥር ሃያ በራሪ ወረቀት ይዤ ቀበሌ በር ላይ መቆም አልቻልሁም። አንድ የማውቀው ሰው ግቢ ገባሁና፣ ሽንት ቤት ውስጥ ሃያውንም አንድ በአንድ እየቀደድሁ ጉድጓድ ውስጥ ጨመርኋቸው። ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ያቺ ሴትና የኔ ውሸት ቀድመውኝ ደረሱ።

የቀበሌው ሱቅ በር ላይ ሰልፉ እስከ መንገድ ወጥቷል። ሻጩ ዘውዴ ይባላል፤ ለዓመታት የምንተዋወቅ፣ ቁጥብ ሰው ነው። ስደርስ ከሴቶቹ ጋር እየተጨቃጨቀ ነበር።

"ዕቃ! ዕቃ ያልያዘ ወደ ቤቱ! መመሪያው ነው!"

"አንተ ዘውዴ፣ ከረጢቱ ከራስህ በላይ ተንጠልጥሎ? ቅድም ለነእማሆይ ስትሰጥ አይተን የለም እንዴ?"

"ቅድም ቅድም ነው። አሁን አሁን ነው።"

"ታዲያ ስኳሩን በመቀነቴ ልቋጥረው?"

"ቋጥሪው! መቀነት ብክነት የለበትም።"

ሰልፉ ሳቀ። እኔ ሚስማሩ ላይ የተንጠለጠለውን እስር ቆጠርሁ። አሥራ አራት። ስድስቱ የለም። ስድስት ሰው ስኳሩን ይዞ ቤቱ ገብቷል ማለት ነው። ዘውዴ ቀና ብሎ አየኝና ቶሎ ዓይኑን ወደ ሚዛኑ መለሰ።

"ይኸው መጣ! ባለ መርዙ!" ቅድም ሸምሱ ሱቅ ያየችኝ ሴት ናት፤ ሰልፉ መሐል ሆና ጣቷን ዘረጋችብኝ።

በሩ ላይ ጠመንጃ ይዞ የሚቆመው አብዮት ጠባቂ ደምሴ ነበር። እዚሁ ሰፈር ያደገ ነው። ከእኔ በአሥር ዓመት ያንሳል፤ ጠመንጃ ከያዘ ጀምሮ ግን አንቱ እለው ነበር።

"ና ወደዚህ" አለኝ።

ሄድሁ።

"የአይጥ መርዝ ያለበት ከረጢት ለሕዝብ ሱቅ ሸጠሃል?"

"ሙጫው ነው ጓድ፣ ትንሽ..."

"አዎ ወይስ አይደለም?"

አስቡት እንግዲህ። አዎ ብል ሕዝብ ለመመረዝ አሻጥር የሠራ ፀረ አብዮት ነኝ። አይደለም ብል፣ ታዲያ ከሸምሱ ለምን ሰበሰብህ ይለኛል። ራሴን ለማዳን የዋሸሁት ውሸት እንደ ገመድ አንገቴ ገባ።

ደምሴ ዘውዴን አልፎ ከእስሩ ላይ አንድ ከረጢት መዘዘ። ሥሩን ገልብጦ አየ። "ተክሌ። የቤት ቁጥርም አለው። ጥሩ ነው።" አሸተተው። ከዚያ በአውራ ጣቱ ጥፍር የሥሩን ልጥፍ ይፈለቅቅ ጀመር። "እስቲ ይህን ሙጫ እንየው።"

ልጥፉ ተላቀቀ። ከውስጥ የአንድ መስመር ጫፍ፣ ጥቁር ጥቁር ፊደል፣ ብቅ ሲል አየሁ። እሱ ሙጫውን ነው የሚያየው፤ ትንሽ ቢገልጠው ግን አለቀ። ያኔ የራሴን ድምፅ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሰማሁት።

"ጓድ ደምሴ፣ መርዝ የለበትም። የተበላሸው የሸምሱ ነው፤ ይሄ በሌላ ዱቄት ነው የተሠራው። ካላመኑኝ እዚሁ ልብላው።"

"ምኑን?"

"ከረጢቱን። መርዝ ካለው እኔ ልሙት።"

ከሰልፉ አንዱ፣ "ይብላው!" አለ። ሌላው ተከተለ። "ይብላ እንጂ!" አንዷ ሴት ደግሞ፣ "ያለ ኩፖን ነው የሚበላው?" ስትል ሳቁ ፈነዳ። ደምሴም ከንፈሩ ላይ ሳቅ ነገር መጣበት። ከረጢቱን አቀበለኝ።

ጽሑፉ ወደ ውስጥ እንደሆነ አራት ቦታ አጠፍሁት። ግማሹን ቀድጄ አፌ ውስጥ ጨመርሁ። አፌ ደርቆ ስለነበር ወረቀቱ ላንቃዬ ላይ ተለጠፈ። ቀለሙ ይመራል፤ ከናፍጣ የሚቀርብ ጣዕም አለው። ባኘክሁት ቁጥር ይበዛል እንጂ አያንስም። ለመዋጥ ስሞክር አነቀኝና እንባዬ መጣ። ሰዉ መሳቁን ተወ።

ከባንኮኒው ኋላ የዘውዴ እጅ ተዘረጋ። በማንኪያ ስኳር ይዟል።

"እንካ፣ ካልቀረልህ በስኳር ዋጠው" አለኝ፤ ፊቱ ላይ ቁጣ እንጂ ሌላ አይታይበትም።

በስኳር ዋጥሁት። ሁለተኛውን ግማሽም። ስሜ ያለበት ጫፍ መጨረሻ ላይ ነበር፤ እሱንም ዋጥሁት።

"እዚህ ቁም" አለ ደምሴ። "ስትሞት እንይህ።"

ግድግዳ ተደግፌ ቆምሁ። የመርዝ ፍርሃት የለኝም፤ መርዝ እንደሌለ አውቃለሁ። የፈራሁት እነዚያን አሥራ ሦስት ከረጢቶች ነው። ደምሴ አጠገባቸው ቆሟል። እጁ ሥራ ፈቶ አንዱን ቢመዝ፣ አንዱን ቢገልጥ... ሰልፉ ወደፊት ይሄዳል፣ ሚዛኑ ይንኳኳል፣ ፀሐይዋ ግንባሬ ላይ ትወጣለች። ጊዮርጊስ ሆይ፣ ከማለት በቀር ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። አንድ ሰዓት ይሆናል።

በድንገት ዘውዴ እስሩን ከሚስማሩ ላይ መንጭቆ አወረደ። "ጓድ፣ ይሄ ቦታ አጣበበብኝ! በመመሪያው መሠረት ሰው ሁሉ ዕቃውን ይዞ እየመጣ ነው፤ ከረጢት ለምን ይቀመጣል?" እግሬ ሥር ወረወረው። "አንተ ደግሞ ጣጣህን ይዘህ ጥፋ! ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳላይህ!"

ክፉኛ አመመኝ። ይህን ያህል ዓመት ሰላም ስንባባል ኖረን በሰው ፊት እንዲህ ያዋርደኛል አልሁ በልቤ። ጎንበስ ብዬ አነሣሁ።

ደምሴ ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ሂድ። ከሞትህ መጥተህ ሪፖርት አድርግ።"

ሰልፉ እንደገና ሲስቅ ሰማሁ። አልሮጥሁም።

ቤት ስደርስ ዘነበች የእትዬ አስካለን ጆንያ ሙሉና የተረፉትን አምስት ሉሆች ምድጃ ላይ አቃጥላ ጨርሳ፣ አመዱን በውኃ እየበጠበጠች ነበር። እኔም የያዝሁትን ጨመርሁ።

"ስንት ቀረ?" አለችኝ።

"ስድስት።"

"ማን ማን ወሰዳቸው?"

"ስድስት ሰው ነው የማውቀው፤ ማን ማን እንደሆነ አላውቅም።"

መሬት ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከረቡዕ ይብሱ ነበር። ረቡዕ የሚሠራ ነገር ነበረኝ፤ እግሬም እጄም ሥራ ላይ ነበሩ። ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ ግን መጠበቅ ብቻ ነው። ስኳሩ ያልቃል፤ ከረጢቱ ይገለበጣል፤ ሰውየው ያነባል፤ ሥሩን ያያል፤ ተክሌ። የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ዘነበች ትነሣለች፣ እኔ ኮቴን እለብሳለሁ፤ ሳልለብስ እንዳይወስዱኝ።

መልስም ታስጠናኝ ነበር።

"ወረቀቱን ከየት አገኘኸው?"

"ከቆሻሻ መጣያ።"

"የት ካለው መጣያ?"

"ከማዘጋጃ ቤቱ በታች ካለው።"

"መቼ?"

"ሰኞ።"

"ቅድም እሑድ ብለሃል ተክሌ! እንደገና። ከየት አገኘኸው?"

ደግማ ደጋግማ ስትጠይቀኝ መርማሪውን መሰለችኝ። ፊቴን በእጄ ሸፍኜ አለቀስሁ፤ እሷም አብራኝ አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ "እንደገና" አለች።

እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ነው። መቅረት አይቻልም። አዳራሹ ሞልቷል። ገና ሳይጀመር ሊቀ መንበሩ ወረቀት አንሥቶ፣ "ተክሌ የሚባለው፣ ከረጢት ሠሪው፣ ይነሣ" አለ።

ተነሣሁ። ዘነበች ከሴቶቹ ወገን ተቀምጣ አየኋት፤ ከንፈሯ "ከመጣያ፣ ሰኞ" ይላል።

"ወደ መድረኩ ውጣ።"

ወጣሁ። ወደ ሕዝቡ እንድዞር አዘዘኝ። ከፊቴ ጎረቤቶቼ፣ ልብስ ሰፊው፣ ዳቦ ቤቱ፣ አስተማሪው፣ ሰልፉ ላይ የሳቁት ሴቶች። ከነዚህ መሐል ስድስቱ ቤት ስሜ ያለበት በራሪ ወረቀት አለ። አንዳቸው እጃቸውን ቢያነሡ ለነሱ ምስጋና ነው፤ ምናልባትም ሹመት። ዝም ቢሉና ወረቀቱ ኋላ ቢገኝባቸው ደግሞ ሞቱ የነሱ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል።

"በዚህ ሰው ላይ" አለ ሊቀ መንበሩ፣ "ቅሬታ ያለው አለ?"

እያንዳንዱን ፊት አየሁ። አንዱ ጫማውን ያያል። አንዷ ጣሪያውን ታያለች። አስተማሪው በቀጥታ እኔን አየኝ፤ ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር።

"የለም?"

የለም።

"እንግዲያው ስለ መርዙ ወሬ ግለ ሂስህን አውርድ!"

የአይጥ መርዝ ወሬ በማሰራጨት ሰፊውን ሕዝብ ስላስደነገጥሁ፣ ሙጫዬን በጥንቃቄ ስላላፈላሁ ራሴን ነቀፍሁ። ምን እንዳልሁ ዛሬ አላስታውሰውም። ጭብጨባ ሲደረግ ነው ከመድረኩ መውረዴን ያወቅሁት።

ስንወጣ ከበሩ አጠገብ እማሆይ ቆመው ነበር። ጊዮርጊስ ደጅ የሚኖሩ መነኩሲት ናቸው፤ ዳዊት ደጋሚ መሆናቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል በጆሮዬ፣ "ስኳሩ ደህና ነው ልጄ" አሉኝ።

"ከረጢቱስ እማሆይ?"

"ከሰል አያያዝሁበት። እሳት ሲወድ!" አሉና መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ ሄዱ።

አንዷን እንዲህ አወቅሁ። አምስቱን ግን እስከ ዛሬ አላውቃቸውም። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ ማንም አልመጣም።

ግርማ አልተመለሰም። እትዬ አስካለ አንድ ቀን በበራቸው ሳልፍ፣ "ተክሌ፣ የግርማ ወረቀት ጥሩ ከረጢት ወጣው?" አሉኝ። "በጣም ጥሩ ወጣው እትዬ" አልኋቸው። "ተመስገን፤ ለሰው ጠቅሟል" አሉ። ምንም ሳያውቁ ከጥቂት ዓመት በኋላ ዐረፉ።

የዘውዴ ነገር የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ያውም በሥራ ላይ ሳለሁ። ሻጭ ከረጢት ሲከፍት እፍ ይልበትና ውስጡን ያየዋል፤ ይህን ሳውቀው እንዴት እንዳላሰብሁት። ስድስቱን ሞልቶ ሰጥቶ ሰባተኛው ላይ አንብቦት ነበር። ከዚያ ወዲያ መመሪያውን ጋሻ አድርጎ ሴቶቹን ዕቃ አምጡ እያለ ይመልሳቸው ጀመር። የሰደበኝም እስሩን ይዤ እንድጠፋ ነው። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ፒያሳ አግኝቼው ማኪያቶ ጋበዝሁትና ጠየቅሁት።

"ዘውዴ፣ የዚያን ቀን ከረጢቱ ውስጥ ያለውን አይተህ ነበር አይደል?"

ስኒውን አስቀመጠና ግራ ቀኙን አየ። ደርግ ከወደቀ ዓመታት አልፈዋል፤ እሱ ግን ግራ ቀኙን አየ።

"እኔ ስኳር ሻጭ ነኝ" አለኝ። "የማየው ሚዛን ነው።"

አንባቢዎቼ፣ ያ ቀን ምን ለወጠብህ ብትሉኝ፣ አንደኛ ማንበብ ተማርሁ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሲጀመር ከሰፈራችን ቀድሜ የተመዘገብሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ያላነበብሁትን ወረቀት አጥፌ አላውቅም። አሁን ደግሞ ፌስታል ይቅር፣ ሰው የራሱን ዕቃ ይያዝ የሚል ሕግ ወጣ ሲባል ጎረቤቶቼ ያማርራሉ። እኔ አላማርርም። ዘንቢሌን ይዤ እወጣለሁ። በእንዲህ ያለ ሕግ ሰው ሲድን በዓይኔ አይቻለሁና።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። ልጆቼ፣ "አባባ፣ መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ባርኔጣ እያነሡ ሰላም ሲሉ ቤት አይደርሱም" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ከሰፈራችን አንድ ኃይለኛ ሽማግሌ አለ፤ ውኃ ወደ ደጄ የሚደፋብኝ፣ ሰላምታዬን የማይመልስ። እሱንም ባርኔጣዬን አንሥቼ እጅ እነሣዋለሁ። በዚያ ዘመን ይህ ሰው የት ይኖር እንደነበር አውቃለሁ፤ የኛ ቀበሌ ሰው ነው፤ ስኳርም ይገዛ ነበር። ከአምስቱ አንዱ እሱ ቢሆንስ?